መኪናዋ የምትነግረው ሰው

የልጅ ልጃቸው ህሊና ባሏን ከፈታች ወዲህ፣ በሄደችበት ሁሉ ሰውየው ከች ብሎ ይዝትባታል። አያትየው እንቅልፍ አጡ። በኋላ መካኒኩ ነገሩን ገለጠላቸው፤ በፍቺው የደረሳት የኤሌክትሪክ መኪና የት እንዳለች እስካሁን ለሰውየው ስልክ ትነግረዋለች።

«መከታተያው አሁኑኑ ይጥፋልኝ!» አለች ህሊና።

«እስከ እሑድ አትንኪው፣ የኔ ልጅ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ሰውየውን በሱ ልጥራው፤ የሥራውን ያገኛል!»

እሑድ ህሊናን እህታቸው ዘንድ ሸሽገው፣ መኪናዋን በሹፌር አስነድተው የማኅበር ጓደኛቸው ግቢ አስገቡ። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል።

«ምነው በሩን በሩን ታያለሽ?» አሏቸው ጓደኛቸው።

«የቀረ እንግዳ አለ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ።

ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር በእርግጫ ተበረገደ። «ህሊና! ውጪ! ብትፈቺኝም ከእጄ አታመልጪም፣ እደፋሻለሁ!» እያለ ሰውየው ሳሎን ድረስ ዘለቀ።

አያትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሶፋው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ክው ብለው ቀሩ። የቤቱን እመቤት ልጅ ለትዳር እንዲጠይቁለት የላካቸው እሱ ነው፤ ወጉ ነውና ራሱ ደጁን ረግጦት አያውቅም። «ሚስት አግብቶ የማያውቅ፣ ድምፁ እንኳ የማይሰማ ጨዋ ልጅ ነው» ብለው ገና ተናግረው መጨረሳቸው ነበር።