እኔ እዘጋዋለሁ

ታማቲ የወጥመዱን ሣጥን ክዳን ለመፍታት ካቻቪቴውን ሲያወጣ፣ ክዳኑ ሣሩ ላይ ወድቆ አየው። ከወጥመዱ ብረት ሥር ረጅም ምንቃር ወጥቷል።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

ለአይጥና ለፋደት የተጠመደው ወጥመድ ኪዊ ገድሏል፤ ክዳኑ በብሎን ቢዘጋ ኖሮ ትልቅ ወፍ አይገባበትም ነበር። መብረር የማትችለውን ይህችን ወፍ ባለፈው ጸደይ የመንደሩ ሰው በደስታ እያለቀሰ እዚህ ጫካ ሲለቃት፣ ታቅፎ ያመጣት ራሱ ታማቲ ነበር።

አብራው የመጣችው እህቱ ናይሪ ማልቀስ ጀመረች። እሱ ግን ዞር ብሎም አላያት። ለሟች የሚባለውን የማኦሪ ጸሎት ዝቅ ባለ ድምፅ አደረሰና ወፏን በሹራቡ ጠቀለላት። ኪዊ አይቀበርም፤ ላባው ለካባ ሠሪዎች ይሰጣል። ዛሬውኑ ሽማግሌዎቹ ፊት ይዟት ሲቀርብ «ማን ገደላት?» ማለታቸው አይቀርም።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ። «እርጅና አያመጣው የለም። ብሎኑን ሳላጠብቅ ሄጃለሁ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ምናልባት ሌላ ሰው...»

«የምን ሌላ ሰው? ይኼን የወጥመድ መስመር አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት እኔ አይደለሁ? በቃኝ! ወጥመዶቹን አስረክቤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሞቴን ልጠብቅ።»

ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ይኼ የበጎ ፈቃድ ሥራ ብቻ ነው። ይህን ከናይሪ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝም ብትል ግን ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ እሱ እንደሆነ ጥፋቱን በገዛ እጁ ተሸክሞታል።

ይብላኝላት! ባለፈው ሳምንት «አንተ ቅደም፣ እኔ እዘጋዋለሁ» ያለችው እሷ ነበረች፤ እሱ ረስቶታል። ክዳኑን ልታነሳ ስታጎነብስ ከዛፉ ሥር ያን ቅጠል አልባ አበባ አየች፤ የሙታን አገር አበባ የሚሉትን። ሃያ ዓመት ሙሉ ፈልጋዋለች። እልል ስትል ታማቲ እየሮጠ ተመልሶ፣ «እግርሽን የሰበርሽ መስሎኝ እኮ፣ አንቺ ቀውስ!» ብሎ ሳቀባት። ያነሳችውን ፎቶ ያላየና ያላጨበጨበላት የመንደሩ ሰው የለም።

«ነይ እንሂድ» አለ አሁን ታማቲ። «አንቺን ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? አበባሽን አግኝተሻል።»

ስልኳን አወጣችና ፎቶውን ከፍታ ሰጠችው።

«አይቼዋለሁ እኮ፣ ናይሪ።»

«ከአበባው ኋላ ያለውን እይ።»

ወፏን በአንድ ክንዱ ታቅፎ መነጽሩን አደረገ። ከአበባው ኋላ ሣጥኑ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ክዳኑ ሣሩ ላይ ነው፤ በላዩ የናይሪ ቀይ ካቻቪቴ።