«ማርሚታው በርዷል?»

የጥርስ ሐኪሙ የቀዩን ስፖርት መኪና ቁልፍ ለአዲሷ መኪና አጣቢ ሰጣት። እጁን ዘርግቶ የቆመው ግን ጋሽ መስታወት ነበር። ቁልፉ በአፍንጫው ሥር አልፎ እሷ መዳፍ ላይ አረፈ። የተዘረጋውን እጅ ምን ያድርገው? ጆሮውን አከከበት።

«ያለፈው ሥራሽ በጣም ነው የተመቸኝ። ቸርኬዎቹንና የማርሚታውን ጭስ መውጫ አፍ አደራ!» አላት ሐኪሙ፣ ሻይ ሊጠጣ ወደ መጠበቂያው ክፍል እየሄደ። ለጋሽ መስታወት ደግሞ «እንዴት ከረሙ ጋሼ?» አለና መልሱን ሳይሰማ ገባ።

እንዴት ይክረም! ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄ ቁልፍ ከሱ እጅ በቀር ሌላ እጅ አያውቅም። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ ላቫጆው በሙሉ «መስታወት» የሚለው፣ እሱ ያጸዳው የጎማ ቸርኬ ላይ ሰው ጢሙን ይላጭበታል ተብሎ ነው። አሁን ከመጣች አራት ወር ያልሞላት የሁለት ልጆች እናት፣ ብሩሽ አያያዝ እንኳ እሱ ያሳያት ሴት ትንጠቀው? ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ አይደል!

ለሱ የደረሰው ጭቃ የጠገበ ሚኒባስ ነው። ባልዲ ደፍቶ ከቀዩ መኪና ኋላ ተቀመጠበትና የሚኒባሱን ጎማ ይፈትግ ጀመር። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው። አንዲት ስህተት ቢያገኝባት ምን ነበረበት!

ከየት ይምጣ ስህተት? የፊት ቸርኬዎቹ ቶሎ ስለበረዱ ማጽጃውን ረጨችባቸውና የፍሬኑ ብናኝ እየሟሟ፣ ሐምራዊ ሆኖ እስኪወርድ ጠበቀች። የብሎኖቹን ጉድጓድ በጥርስ ብሩሽ ዞረችው። አጥባ፣ አድርቃ፣ ሁለተኛ ቆሻሻ እንዳይዛቸው ሰሙን በስሱ ቀባቻቸው። በስሱ! እሱ እቺን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። አንድ ብሎን ትረሳለች ብሎ ሲጠብቅ ጭራሽ ተመልሳ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ውሃው በቃው?»

«በቃው።»

«ሰሙስ አልበዛም?»

«አልበዛም አልኩሽ!»

በቀን ሃያ ጊዜ ትጠይቀዋለች። እስከ ትናንት ደስ ይለው ነበር፤ ዛሬ ግን የምታሾፍበት መሰለው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አጠገቡ ነዎት፤ ማርሚታው በርዷል?» አለች ከመኪናው ፊት ለፊት ሆና።

ለዚህ መልስ መንካት አላስፈለገውም። የማርሚታው አፍ ሙቀት በሱሪው አልፎ ባቱን እየለበለበው ነው። ማጽጃ በጋለ ብረት ላይ ከተረጨ እዚያው ደርቆ ነጭ እድፍ ይተዋል፤ ቢፈትጉትም በቀላሉ አይለቅም። ሐኪሙ ደግሞ የሰው ጥርስ ሲመረምር የሚውል ሰው ነው፤ እድፍ አያመልጠውም። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ወደ ማን እጅ እንደሚመለስ የታወቀ ነው።

«በርዷል» አለ።

«እሺ ጋሼ።»

አመነችው። የማጽጃውን ጠርሙስ ይዛ መጣችና ማርሚታው ፊት ተንበረከከች። ጋሽ መስታወት ጎማ መፈተጉን አቆመ። ርጪው፣ ርጪውና ልገላገል፣ ይላል በሆዱ።

እሷ ግን ጠርሙሱን መሬት አስቀምጣ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

ምን ልታደርግ ነው ደግሞ? አለና ወዲያው ክው አለ። ራሱ ነው ያስተማራት! «ጓንት ዕውር ነው። ከመርጨትሽ በፊት የማርሚታውን አፍ ውስጡን በባዶ ጣትሽ ዳስሺው፤ የጥላሸቱን ውፍረት ጣትሽ ይንገርሽ» እያለ አራት ወር የለፈለፈው እሱ ነው። ቅናት የገዛ ትምህርቱን አስረሳው። በውሃ ብዛት የተጨማደዱ ሁለት ጣቶቿ ወደ ብረቱ ሲሄዱ አየ።

«ተይ! አትንኪው!»

ዘሎ ሲነሣ ባልዲው ተንከባለለ። አንጓዋን ለቀም አድርጎ ያዛት። ሐኪሙ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከበሩ ብቅ አለ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ይፋጃል» አለ ጋሽ መስታወት።

«በርዷል አሉኝ እኮ» አለች። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ፊቱን አየችው፤ ባልዲው የነበረበትን ቦታ አየች፤ ከማርሚታው አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ገባት። እንደገባትም አወቀ።

«ተሳስቼ ነው» አለ። እንዳልተሳሳተ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሐኪሙ ሰዓቱን ተመለከተ። «ታዲያ እስኪበርድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

ጋሽ መስታወት አፉን ሲከፍት ቀደመችው። «ሃያ ደቂቃ። እስከዚያ የኋላ ቸርኬዎቹን እጨርሳለሁ» አለች፣ አንጓዋን ከእጁ ቀስ አድርጋ እያወጣች።

ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዲት ነገር አልጠየቀችውም። ውሃው በቃው የለ፣ ሰሙ በዛ የለ። ስትረጭ፣ ስትጠርግ፣ ስትቀባ፣ ከራሷ ጋር ብቻ ነው የምትማከረው። ቁልፉን ሲነጠቅ ያልተሰማው ነገር ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ለካ ከሷ በፊት አንድም ቀን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎማውን ትቶ ደቂቃ ሲቆጥር ቆየ።

በመጨረሻ መዳፉን ማርሚታው ላይ አሳረፈ። አሁን በእውነት ቀዝቅዟል። ለማረጋገጥ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ነካው።

«በርዷል» አላት፣ ሳትጠይቀው። «እጄን አድርጌ አይቼዋለሁ። በርዷል።»

«እሺ ጋሼ» አለች፣ እንደ ወትሮዋ በትሕትና።

መጥታ ተንበረከከች፤ የእጇንም ጀርባ ቀስ አድርጋ ወደ ብረቱ አስጠጋች።