የትርንጎና የዘርትሁን ጥፋት

ትርንጎ ከዳገቱ ሥር ከምትኖረው ከዘርትሁን ጋር በአንዲት ዶሮ ሰበብ ከተኳረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ሰላምታ ግን የለም። የንስሐ አባቷ መምሬ ይርዳው «ሳትታረቂ አላቆርብሽም» ቢሏት፣ ቅዳሜ ጠዋት ደህና ድንጋይ መርጣ፣ እንደ አገሩ ወግ በማጅራቷ ተሸክማ ይቅርታ ልትጠይቅ ቁልቁል ወረደች።

መንገድ ላይ ዘርትሁንን አገኘቻት። እሷም ድንጋይ ተሸክማ ሽቅብ እየመጣች ነው።

«ማሪኝ እህቴ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

«ኧረ የምን አንቺ! ዶሮሽን በድንጋይ የመታሁት እኔ!»

«ጎመንሽን ያስበላሁትስ ማን ሆነና?»

«ድሮም ሁሉን ለኔ ባይ ነሽ! ጥፋቴን አትቀሚኝ!» ብላ ዘርትሁን ጮኸች።

ድንጋያቸውን እንደተሸከሙ ተጨቃጨቁ፤ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ገሚሱ ትርንጎ ትብሳለች አለ፣ ገሚሱ ዘርትሁን። በመጨረሻ የማን ድንጋይ እንደሚከብድ ይለይ ተብሎ ከወፍጮ ቤት ሚዛን ሊመጣ ሲል መምሬ ይርዳው ደረሱ። ግራ ቀኙን ሰሙና፣

«እንግዲያውስ ተለዋወጡ። አንዳችሁ የሌላዋን ተሸክማችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ» ብለው ፈረዱ።

ትርንጎ በእልህ የዘርትሁንን ድንጋይ ተሸክማ ዳገቱን ተያያዘችው። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳትሄድ ድንጋዩ ከበዳት። ዞር ብላ ቁልቁል ተጣራች።

«አንቺ ዘርትሁን! ይህን ተሸክመሽ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሽው?»