አርባ ሁለተኛው ትእዛዝ

የስልክ ጠጋኟ ሚሞሪ ካርዱን ከዩኤስቢ ማንበቢያው ነቅላ በአሮጌ ላፕቶፗ ጎን ባለው ቀዳዳ ትሰካዋለች።

"ይሄ ማንበቢያ መሃል ገብቶ መልእክት ያስቀራል" ትላለች። "ከካርዱ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር አለብኝ።"

ከባንኮኒው ማዶ ነፍሰ ጡር ሴትና አባቷ ተቀምጠዋል። አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ባደሩበት አገር ሁሉ ለልጃቸው ተረት በስልካቸው ይቀዱ ነበር። አምና የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ድምፃቸውን ይዞት ሄደ። ስልኩ ከተሰበረ ቆይቷል፤ የቀረው ይህ ጥፍር የሚያህል ካርድ ብቻ ነው።

"ሦስት ጥገና ቤት ወስደነዋል" ትላለች ልጅየው። "ሞቷል፣ ፎርማት ይደረግ አሉን።"

"አልሞተም። ማነህ ስለው መለያ ቁጥሩን ይነግረኛል። ያ ስልክ በይለፍ ቃል ቆልፎት ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ቃሉን መጠየቅ እንኳ አያውቅበትም። አባባ፣ ያስታውሱታል?"

አባትየው ብዕር ተቀብለው የልጃቸውን የቤት ስም በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፦ ድንቡሼ።

"እንዴ፣ አባዬ!" ትላለች፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና።

ጠጋኟ ሁለት ቀን የለፋችበትን ፕሮግራም ታስነሳለች። ፕሮግራሙ ካርዱ ከሚያውቃቸው ትእዛዞች አርባ ሁለተኛውን፣ የመክፈቻውን፣ ከቃሉ ጋር በቀጥታ ለካርዱ ይልካል።

ካርዱ እንቢ ይላል። ትደግማለች። አሁንም እንቢ።

ልጅየው ቦርሳዋን ታነሳለች። "አለፋንሽ፣ እህቴ።"

"ቁጭ በይ እባክሽ!" ጠጋኟ ግንባሯን በመዳፏ ትመታለች። "የዚያን ጊዜ ስልክ እያንዳንዱን ፊደል የሁለት ፊደል ቦታ እየሰጠ ነበር የሚያስቀምጠው። እኔ በአንድ ፊደል ቦታ አጥብቤ እየላክሁለት እንዴት ይግባው!"

አንዲት መስመር ታስተካክላለች። ትልካለች።

ካርዱ እሺ ይላል። ስክሪኑ ላይ የፋይሎች ዝርዝር ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም።

"ተከፈተ!" ጩኸቷ ጎረቤቷን ሰዓት ሠሪ መነጽሩን እንዳደረገ በሩ ላይ ያቆመዋል። "ምን ሆንሽ አንቺ?" ይላታል። "አሸነፍኩ!" ትለዋለች።

የመጀመሪያውን ትጫነዋለች። ሱቁን ሞልቶ አንድ ወፍራም፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምፅ ይወጣል። "እሺ፣ ትናንት የት ላይ ነበር ያቆምነው? አዎ፣ ጦጣዋ ዛፉ ላይ…"

ልጅየው ድምፅ ማጉያውን ብድግ አድርጋ ሆዷ ላይ ታስደግፈዋለች። አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ከገዛ ድምፃቸው እኩል፣ አንዲት ቃል ሳይስት፣ ይንቀሳቀሳል።