ዝምተኛው ዱቄት

ግራጫውን ዱቄት ድስቱ ላይ ነስንሳ፣ ማማሰያዋን ይዛ ትጠብቃለች። የድንቹ ስታርች ከኮምጣጤና ከግሊሰሪን ጋር ተንተክትኮ እንደ ሙጫ ወፍሯል። ሌላ ጊዜ ለማጠንከሪያ የሚጨምሩት የእብነ በረድ ዱቄት ሲነካው አረፋው ኩፍ ብሎ ካልገነፈለ አያርፍም ነበር። ዛሬ ትንፍሽ አላለም።

«አየሽ አይደል፣ እታለም?» ይላል ታናሽ ወንድሟ፣ የሳህን መጭመቂያውን እየወለወለ። አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሙጫ የሚሠሯቸውን ሳህኖች ወንፊት ያስመሰለው አረፋ በእሱ ጊዜ ቀረ። እሷ ታማ በተኛችባቸው ሦስት ቀናት ብቻውን ሠርቶ፣ አንድም ቀዳዳ የሌላቸው ሁለት መቶ ሳህኖች አውጥቷል። ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም።

ወንድሟ ካመጣው ጆንያ አንድ ማንኪያ ትዘግናለች። ይከብዳል፤ የእብነ በረድ ዱቄት እንዲህ አይከብድም። ብርጭቆ ውስጥ ጨምራ ኮምጣጤ ታፈስበታለች። ዱቄቱ እንደ እብነ በረድ አረፋ ሳያወጣ ከሥር ዘቅጦ ዝም ይላል።

ከየት እንዳመጣው ትጠይቀዋለች። እብነ በረድ ቆራጮቹ ዘግተው እንደነበር፣ ዘበኛው ግን ባዶ እጁን እንዳልመለሰው ይነግራታል። ከአጥሩ ጀርባ የተከመረውን የፈለግኸውን ያህል ዛቅ ብሎታል፣ ደግ ሰው ነው።

«ከአጥሩ ጀርባ ያለው የማን ነው?»

«የድሮው ባትሪ ፋብሪካ ነዋ። ምነው?»

ምድጃውን ታጠፋለች። «የባትሪ እርሳስ ነው እኮ። መርዝ ነው» ትለዋለች። «ሳህኖቹስ የት አሉ?»

ወንድሟ ጨርቁን ያስቀምጣል። ጠዋት ለመዋዕለ ሕፃናቱ አስረክቧል። የእሷም ልጅ የምትውለው እዚያው ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ተኩል ይላል፤ ምሳ የሚቀርበው በስድስት ሰዓት ነው።

ወደዚያው ትደውላለች፤ ስልኩን ያነሳችው ርዕሰ መምህሯ ናት። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ሳህኖቹን አሁኑኑ እንድትሰበስብ፣ የልጆቹን አፍና እጅ እንድታሳጥብ፣ ሐኪም እንድትጠራ በአንድ ትንፋሽ ትነግራታለች። ርዕሰ መምህሯ ግን ገና የመጀመሪያውን ነው የሰማችው።

«ምኑን ልሰብስብልሽ፣ እህቴ? ከድንች ነው የተሠራው ሲባሉ ጊዜ ዳር ዳሩን ግጠው ግጠው ምን አተረፉ? የጀመረችውም ያንቺዋ ናት። ቆይ፣ ላገናኝሽ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይንኮሻኮሻል።

«እማዬ» ትላለች ልጇ፣ አፏ ሙሉ ነው፣ «ይጣፍጣል እኮ። ላንቺም ቁራሽ አስቀርቼልሻለሁ።»