ነፋስና አርጎን
ብየዳው ለሦስተኛ ጊዜ ጠቁሮ እንደ ወንፊት ሲበሳሳ፣ በያጁ ደጀን ጭምብሉን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ የከለለበትን ሸራ ገንጥሎ ወስዶበታል፤ አሁን ደግሞ ብየዳውን ከአየር እንዲጠብቅ ከቦምቦላው የሚለቀውን የአርጎን ጋዝ ገና ሳያርፍ ይጠርግበታል። የተሰነጠቀችው ጀልባ አሉሚኒየም ሳስቷል፤ አንዴ ደግሞ ከተበላሸ መጣሉ ነው። በጀልባዋ ባሕሩን አቋርጠው ወደ ታጁራ የሚሻገሩት ተሳፋሪዎች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

የሥራ ባልደረባው ዘይድ እንደ ወትሮው ጥግ ይዞ ብቻውን ብረት ይሞርዳል። ጫት ሲቃም የለም፣ ምሳ ሲበላ የለም። «አርጎን» የሚል ቅጽል ያወጣለት፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረውን አስታውሶ፣ ደጀን ራሱ ነበር። የአርጎን አቶም የውጭ ምሕዋር በኤሌክትሮን የሞላ ነው፤ ለማንም አይሰጥም፣ ከማንም አይቀበልም። ዛሬ ግን ያ ዝምታ አንገበገበው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እዚህ እርር ድብን ስል ዝም ብለህ ታያለህ?»

ዘይድ ሞረዱን አስቀመጠ። መጣና ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ስንጥቁ አጠገብ ተገተረ። አሸዋው ማጅራቱን ይገርፈው ጀመር።

«ምን ፈለግህ?» አለው ደጀን።

ዘይድ ከብልጭታው ለመዳን ዓይኑን ጨፈነ።

«ምንም» አለ። «በይድ።»