ባትሪው እስኪያልቅ

ኢንጂነሩ ጠራራ ፀሐይ ላይ በቆመች መኪና ውስጥ፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ላቡን ይጠርጋል። ኤሌክትሪሻኑ የጋራዡ ጥላ ስር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«መስኮቱን ዝቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ከሞቀ ማሞቂያው ይለግማል» ይለዋል።

ኢንጂነሩ የእህቱ ባል ነው። ከሠርጋቸው ወዲህ ኤሌክትሪሻኑ አንቱ እንጂ አንተ ብሎት አያውቅም፤ አክብሮት ግን አይደለም። ያን ቀን ሙሽራው ለሚዜዎቹ ሲያስተዋውቀው «የእሷ ወንድም፣ ሽቦ ቀጣዩ» ብሎ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ስድስት ሰዎች ሳቁ፤ አንደኛውማ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋው ይህን አይረሳም።

የኤሌክትሪክ መኪናዋ የእህቱ ናት፤ በየሳምንቱ እናታቸው ዘንድ የምትመላለስባት። ስክሪኑ ባትሪው ከአቅሙ ሰባ በመቶ ብቻ ቀርቶታል ስላለ፣ ባሏ መንገድ ላይ ሳታስቀርሽ ትሸጥ ብሎ ፈርዷል። እሷ ግን ዛሬ መኪናዋንም ባሏንም ነድታ ወንድሟ ጋራዥ መጣች።

ወንድምየው ስክሪን ይገምታል እንጂ አይለካም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሃያ በመቶ በታች ሳትወርድ፣ ከሰማንያ በላይ ሳትሞላ የኖረች መኪና ታቿ የት እንደሆነ ይጠፋታል። በርሜል ስንት እንደሚይዝ ማወቅ የፈለገ አፉ ድረስ ይሞላል፤ ከዚያ የሚወጣውን በጣሳ እየቆጠረ እስከ ታች ይቀዳል። ኢንጂነሩ ሲሞላ የሚገባውን መቁጠር አይቀልም ወይ ቢለው፣ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውንም ባትሪው ጠጣው ሊሉ ነው ወይ ብሎ አፉን አዘጋው። የሚወጣውን ኃይል የሚለካ ቆጣሪ ከባትሪው በሚወጣው ወፍራም ገመድ ላይ አሰረ። ሞልተው ሲነዷት አረፈዱ፤ የመጨረሻዋን ጭላጭ ግን መንገድ ላይ ማሟጠጥ ስለማይሆን ግቢ አስገብተው ማሞቂያውን ከፈቱት።

የሾፌሩ ወንበር ባዶ ከሆነ ደግሞ ማሞቂያው ይጠፋል። ማን ይቀመጥ ሲባል፣ ኤሌክትሪሻኑ በትህትና እጁን ወደ ኢንጂነሩ ዘረጋ።

ሁለተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል ማሞቂያው ጸጥ ይላል፤ ስክሪኑ ይጨልማል። ወንድምና እህት ቆጣሪው ላይ ያጎነብሳሉ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት ኪሎዋት ሰዓት። አዲስ ሳለች አርባ ነበረች። ከመቶ ዘጠና አንድ። እህቱ በመስኮት እጇን ሰዳ ቁልፉን ከባሏ ትነጥቅና ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

«ወንበሩ ላይ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ቢቀመጥ ይበቃ ነበር፣ አይደል?» ይላል ኢንጂነሩ፣ ጥግ ላይ ወደተደረደሩት ከረጢቶች በአገጩ እያመለከተ።

እህቱ ሳቋን ትውጣለች።

«ገና ስቀመጥ ነው ያየኋቸው» ይላል ኢንጂነሩ። «ያኔ ሠርጉ ላይ ስድስቱ ሲስቁ አንተ ብቻ አልሳቅህም። እኔም አልረሳሁትም።»

ኤሌክትሪሻኑ የመኪናዋን በር ይከፍታል። የትከሻውን ፎጣ አውርዶ ይዘረጋለታል።

«በል ውረድ» ይለዋል። «ፊትህን ጥረግ።»